ዲያሌክቲክና ሙግት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ የቸገራችሁን ብቻ መርጣችሁ ብታነቡም ይሆናል።

ዲያሌክቲክ ምን ማለት ነው?

ቃሉ የግሪክ ነው። ሥሩ «ዲያሌገስታይ» ሲሆን መነጋገር ማለት ነው። ግን እንደ ሰፈር ወግ ዓይነት መነጋገር አይደለም። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። መልሱ ቀጣዩን ጥያቄ ይወልዳል። ጠያቂው ዲስኩር አያደርግም፤ መላሹም ወሬ አያስቀይስም። እንዲህ እየተባለ አንድ አቋም ይጸናል ወይ ይወድቃል።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድምዳሜው የሚገነባው መላሹ በገዛ አፉ ካመነው ነገር ብቻ ነው። በፕላቶ «ጎርጊያስ» በተባለው የጭውውት ድርሰት ውስጥ ፖሉስ የሚባል ወጣት ሶቅራጥስን «እዚህ ካለው ሰው የፈለግከውን ጠይቅ፣ ማንም ካንተ ጋር አይስማማም» ይለዋል። ሶቅራጥስ ግን ምስክር መደርደር የፍርድ ቤት ወግ ነው ባይ ነው። እሱ የሚያቀርበው አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እሱም የሚያናግረው ሰውዬ ራሱ። ይህችን ምስክር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ከተራ ክርክር በምን ይለያል?

በዓላማው። በዚህ ጉዳይ እንደ ህንዶቹ ጥርት አድርጎ የለየ አላየሁም። ኒያያ የሚባለው የፍልስፍና ትምህርታቸው ክርክርን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። «ቫዳ» ሁለቱም ወገን እውነቱን ፈልገው የሚነጋገሩበት ነው። «ጃልፓ» ለማሸነፍ የሚደረግ ነው፤ ማወናበድም ይፈቀዳል። «ቪታንዳ» ደግሞ የራሱ አቋም የሌለው ሰው የሌላውን ለማፍረስ ብቻ የሚከራከረው ነው።

ሦስተኛውን ለማየት ህንድ መሄድ አያስፈልግም። ማንኛውንም የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ይበቃል። «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲባል መልስ የለውም፤ «ያንተ ግን ስህተት ነው» ይላል።

ሶቅራጥስ በተግባር ምን ነበር የሚያደርገው?

ፕላቶ ከጻፋቸው አንዱን በቅርበት እንይ። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ተከሶ አቴንስ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ነው። እዚያው ኤውቲፍሮን የሚባል ሰው ያገኛል። ሰውዬው የመጣው የገዛ አባቱን በነፍስ ግድያ ለመክሰስ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ አንድ የቀን ሠራተኛቸው ሰክሮ የቤቱን ባሪያ ገደለ። አባትየው እጅ እግሩን አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ጣለውና «ምን ላድርገው?» ብሎ አቴንስ መልእክተኛ ላከ። መልሱ ሳይደርስ ሰውዬው በብርድና በረሃብ ሞተ። ዘመድ ሁሉ «ልጅ አባቱን ይከሳል እንዴ!» እያለ ነው። ኤውቲፍሮን ግን ጽድቅ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ ይላል።

«ካወቅህማ አስተምረኛ» ይለዋል ሶቅራጥስ። የመጀመሪያው መልስ «ጽድቅ እኔ አሁን የማደርገው ነው» የሚል ነው። ምሳሌ ነው እንጂ ትርጉም አይደለም፤ ወደቀ። ሁለተኛው «አማልክት የሚወዱት ነው» ይላል። ግን ኤውቲፍሮን ራሱ አማልክቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ ብሎ ያምናል። እንግዲያው አንዱ የሚወደውን ሌላው ይጠላል፤ ያው አንድ ነገር ጽድቅም ኃጢአትም ሊሆን ነው። ይሄም ወደቀ። ሦስተኛው «ሁሉም አማልክት የሚወዱት» ነው። እዚህ ላይ ሶቅራጥስ ያቺን ዝነኛ ጥያቄ ጣል ያደርጋል፦ ጽድቅ ስለሆነ ነው የሚወዱት፣ ወይስ ስለወደዱት ነው ጽድቅ የሆነው?

ልብ በሉ፣ ሶቅራጥስ አንድም የራሱን ማስረጃ አላመጣም። አማልክት ይጣላሉ ያለው ኤውቲፍሮን ነው። ያፈረሰውም የገዛ ቃሉ ነው። በመጨረሻ «እቸኩላለሁ፣ ልሂድ» ብሎ ሹልክ ይላል።

መጨረሻ ላይ መልስ ካልተገኘ ምን ይጠቅማል?

በሌላ የፕላቶ ድርሰት ውስጥ ሜኖን የሚባል ሰው ይህንኑ አማርሯል። ስለ በጎነት ሺህ ጊዜ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ፣ አንተ ስትጠይቀኝ ግን አፌ ተሳሰረ ይላል። ሶቅራጥስን የነካውን ሁሉ ከሚያደነዝዝ የባሕር ዓሣ ጋር ያመሳስለዋል።

ሶቅራጥስ መልሱን በቃል ብቻ አልሰጠውም። ከሜኖን አሽከሮች አንዱን ልጅ ጠርቶ መሬት ላይ ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ይስላል፤ ጎኑ 2 ጫማ፣ የቦታው ስፋት 4 ካሬ ጫማ። «እጥፉን፣ 8 የሆነውን ለማግኘት ጎኑ ስንት ይሁን?» ልጁ ሳያመነታ «እጥፍ፣ 4» አለ። ሲሰላ 16 ሆነ። «እሺ 3» አለ። 9 ሆነ። ከዚያ «እኔ እንጃ» አለ። ሶቅራጥስ ወደ ሜኖን ዞሮ የሚለው ይህን ነው፦ ቅድም ሳያውቅ የሚያውቅ ይመስለው ነበር፣ አሁን አለማወቁን ስላወቀ ለመፈለግ ተዘጋጅቷል። ልጁ በመጨረሻ መልሱን አግኝቶታል። ከማዕዘን ማዕዘን የሚሰመረው መስመር ነው። «እኔ እንጃ» ባይል ግን 4 ላይ ተቀምጦ ይቀር ነበር።

አርስቶትል ምን ጨመረበት?

ደንብ። «ቶፒክስ» የተባለው ሥራው 8 መጻሕፍት አሉት፤ የመጨረሻው ጠያቂው እንዴት እንደሚጠይቅ፣ መላሹ እንዴት እንደሚመልስ የሚደነግግ ነው። እንደ እሱ አባባል ዲያሌክቲክ የሚነሳው «ኤንዶክሳ» ከሚላቸው ነው። እነዚህ ሰው ሁሉ፣ ወይም ብዙኃኑ፣ ወይም ሊቃውንቱ የሚቀበሏቸው ሐሳቦች ናቸው። ከተረጋገጠ እውነት ተነስቶ የሚሄደውን «ማረጋገጫ» ብሎ ለብቻው ለየው። ሌላው አስተዋጽኦው የሕጸጽ፣ ማለትም ልክ መስሎ የሚያሳስት ሙግት፣ ዝርዝር ነው። 13 ሕጸጾችን ቆጥሮ 6ቱን ከቋንቋ፣ 7ቱን ከቋንቋ ውጭ የሚመጡ ብሎ መደበ። ቅኔ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ለ6ቱ አዲስ አይሆንም። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ መካከል ላይ ሲገለበጥ ስንስቅ ነው ያደግነው።

አንድ ሙግት በውስጡ ምን ምን አለው?

እንግሊዛዊው ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረበው አከፋፈል እስካሁን በጣም ይሠራል። የሱን ሥዕል ከመሳል ይልቅ እኛ ቤት ቡና ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

አጎቴ «ልጁ ማትሪክ የወደቀው በስልክ ነው» አለ። ይሄ አቋም ነው። «ሌሊቱን ሁሉ ስልክ ላይ ተጥዶ ነው የሚያድረው» አለ። ይሄ ማስረጃ ነው። በሁለቱ መሃል ግን ያልተነገረ ነገር አለ፦ ሌሊት ስልክ ላይ የሚያድር ልጅ ፈተና ይወድቃል የሚለው። ቱልሚን ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያገናኘውን ይህን ድልድይ ነው ዋና ጉዳይ ያደረገው። ድልድዩ የራሱ ድጋፍ ያስፈልገዋል። «ሳይሆን አይቀርም»፣ «አብዛኛውን ጊዜ» የሚል ልጓምም ያስፈልገዋል። «እንዲህ ካልሆነ በስተቀር» የሚል ቀዳዳም አለው።

ታናሽ እህቴ ድልድዩን ነካች። «ጋሼ፣ የጎረቤት ልጅስ? እሷም ስልክ ከእጇ አይለይም፤ አለፈች እኮ።» አጎቴ «እሷማ ጎበዝ ናት!» አለ። «ታዲያ ጋሼ፣ እሱን የጣለው ስልኩ ነው ወይስ ጎበዝ አለመሆኑ?» አጎቴ ትንሽ ዝም አለና «አቦሉ አልደረሰም?» አለ። እህቴ ከጎረቤት ልጅ ምሳሌ ሌላ የራሷን ማስረጃ አልጨመረችም። «ጎበዝ ናት» ያለው ራሱ ነው፤ ምስክሩ እሱ ነበር። አጎቴ ተሳስቷል ማለትም አይደለም። ስልኩ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የተሰበረው «በስልክ ነው» የሚለው ልጓም አልባ አባባል ብቻ ነው።

የሕጸጾችን ስም በቃሌ ብይዝ ጎበዝ ተከራካሪ እሆናለሁ?

አይመስለኝም። እንዲያውም ለጥቂት ወራት ሊያብስባችሁ ይችላል። ሰው ባወራ ቁጥር «ይሄ አድ ሆሚነም ነው!» (ሐሳቡን ትተህ ሰውየውን ነካህ) ማለት የሚያምራችሁ ወቅት አለ፤ እኔም አልፌበታለሁ፤ ጓደኛ ያሳጣል።

ችግሩ ስሙ ቦታውን አለመናገሩ ነው። የሰውን ማንነት ማንሳት ሁልጊዜ ሕጸጽ አይደለም። ምስክሩ ከተከሳሹ ጋር በገንዘብ የተጣላ ከሆነ ይህን ማንሳት ትክክል ነው። ፒታጎረስ ግን ቢጠላኝም ስለ ሦስት ማዕዘን የተናገረው አይፈርስም። ምስክርነት ላይ ሰውዬው ይመዘናል፤ ምክንያት ሲቀርብ ምክንያቱ ይመዘናል።

መከራከር ራሱ የትምህርት ሥርዓት የነበረው የት ነው?

ብዙ ቦታ። የቲቤት መነኮሳት ዛሬም ጠያቂው ቆሞ፣ መላሹ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሟገታሉ፤ ጠያቂው ጥያቄውን ሲወረውር በእጁ ያጨበጭባል። በፓሪስ ፒዬር አቤላር በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባቶች እርስ በርስ የሚጋጩባቸውን 158 ጥያቄዎች ሰብስቦ፣ አዎና አይደለም የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አስታራቂ መልስ ግን ነፍጎ ለተማሪው ተወው። ቶማስ አኩዊናስ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ይህን ወደ ቋሚ ቅርጽ አመጣው። ጥያቄውን ያነሳል። ከዚያ ቀድሞ የሚጽፈው የራሱን ተቃራኒ ነው፦ «እንዲህ የሆነ ይመስላል…» እያለ የተቃዋሚዎቹን ምክንያት ይደረድራል። ቀጥሎ «ነገር ግን» ይላል፤ የራሱን መልስ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ተቃውሞዎቹን አንድ በአንድ ይመልሳል።

እኛ ጋ ብዙዎች አብረው የሚያነሱት የአንድምታ ትርጓሜ ነው። ይመሳሰላሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። መምህሩ አንዱን ፍቺ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። የኋለኛው የፊተኛውን አያባርረውም፤ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አኩዊናስ ጋ ግን ተቃውሞው የቀረበው ሊመለስ ነው። ሁለቱም ጥበብ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ይለያያል። አንዱ «ቃሉ ስንት ነገር ይሸከማል?» ይላል፣ ሌላው «ከእነዚህ የትኛው ይቆማል?»

«በላ ልበልሃ» ዲያሌክቲክ ነው?

ግማሽ ጎኑ አዎ። በቀድሞው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ኩታቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን እየሰበቁ በግጥም ይጀምራሉ። ማርም በቅሎም ይወራረዳሉ። «ተጠየቅ» ሲባል የተጠየቀው መመለስ አለበት፤ ዝም ማለት ያስረታል። ሌላውን በገዛ ቃሉ ማሰር፣ «ቅድም እንዲህ ብለህ አልነበረም?» ማለት የሙግቱ ዋና ጥበብ ነበር። ይህ የሶቅራጥስ መሣሪያ ራሱ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውም ከዚህ ዓለም የመጣ ይመስላል።

ግማሹ ደግሞ አይደለም፤ ምክንያቱም ዳኛ አለ። አደባባዩም ሰው ሞልቶታል፤ ግጥሙና ቀልዱ ለተመልካቹ ነው። የሚያሸንፈው ዳኛውን ያሳመነ ነው እንጂ ተቃዋሚውን ያሳመነ አይደለም። ተረቺው ወደ ቤቱ የሚሄደው «አፍ አጥቼ ነው እንጂ እውነት ነበረኝ» እያለ ሊሆን ይችላል። አርስቶትል «ንግግርን ማሳመር የዲያሌክቲክ አቻ ነው» ብሎ የጀመረው ይህን ዘመድነት አይቶ ነው፤ ዘመድ ግን መንትያ አይደለም። ዘመናዊው የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የወንጀሉ በ1954፣ የፍትሐ ብሔሩ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ነገሩ ወደ ጽሑፍና ወደ ጠበቃ ሄደ። ግጥሙ ያሳዝነኛል፤ ውርርዱ ግን ባይመለስ ይሻላል፤ ደሃ በቅሎ ከየት ያመጣል?

ዲያሌክቲክ ሲባል ማርክስ የሚታወሰን ለምንድን ነው?

ቃሉ ወደ ብዙ ሰው አፍ የገባው በዚያ በር ስለሆነ ነው። በተማሪው ንቅናቄ ዘመን፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ «ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነት» ይጠና ነበር። ጥናቱ አልፎ ቃላቱ ቀሩ። ዛሬ በዜና «ነባራዊ ሁኔታው» ሲባል፣ «ተቃርኖ» ሲባል የዚያ ዘመን ሽታ አለው። ወላጆቻችሁ ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ቢለወጥ አይግረማችሁ። «ውይይት» ተብሎ ጠያቂ የሌለበት ስብሰባ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ማርክስ የወሰደው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከሄግል ነው። በ«ካፒታል» ሁለተኛ እትም ላይ እ.ኤ.አ. በ1873 በጻፈው፣ ዲያሌክቲክ በሄግል እጅ በጭንቅላቱ ቆሟል፣ መገልበጥ አለበት ይላል። በሁለቱም ዘንድ ግን ትልቅ ለውጥ ተደርጓል። ዲያሌክቲክ የሁለት ሰዎች ንግግር መሆኑ ቀርቶ የሐሳብ ወይም የታሪክ እንቅስቃሴ ሆኗል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ያቺ ምስክር መጥፋቷ ነው። ታሪክን «ታምናለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? በታሪክ ስም የሚመልስ ሰው ከተገኘ ደግሞ እሱን መጠየቅ ያስቸግራል።

ቴሲስ፣ አንቲቴሲስ፣ ሲንቴሲስ የሄግል ናቸው?

አቋም፣ ተቃራኒ አቋም፣ የሁለቱ ውህደት ማለት ናቸው። የሄግል ግን አይደሉም፤ የብዙ ፈተና መልስ ቢሆኑም። ሦስቱን ቃላት አብሮ የሠራባቸው ሌላው ጀርመናዊ ፈላስፋ ፊኽተ ነው። ለሄግል ያለበሳቸው ሻሊቤውስ የሚባል መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ሄግልን ለሕዝብ ሲያስረዳ ተጠቀመባቸው። ሄግል ራሱ እንዲህ ያለውን የሦስትዮሽ ቀመር ሕይወት የሌለው አጥንት አድርጎ ነው ያየው።

የሄግል ቃል «አውፍሄቡንግ» ነው። በጀርመንኛ መሻር፣ ማቆየትና ከፍ ማድረግ በአንድ ቃል። ተርጓሚዎች በዚህ ሲታመሱ ኖረዋል። እኛ ግን «ማንሳት» አለን። ዕቃውን አነሳ፤ ከፍ አደረገው። እገዳውን አነሳ፤ ሻረው። ከሦስቱ ሁለቱን በነጻ አገኘን። የሄግል መነሻ ምሳሌ ይኸውላችሁ፦ ምንም ዓይነት መገለጫ የሌለው ባዶ «መኖር» አስቡ። ቀለም የለው፣ ቅርጽ የለው፣ ምንም። ከ«አለመኖር» በምን ይለያል? በምንም። አንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የምናገኘው «መሆን» ነው፤ ሁለቱም በውስጡ ተነስተዋል።

ታዲያ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ?

ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1940 በዚህ ላይ ጠንከር ያለ መልስ ሰጥቷል። ተቃርኖን ከተቀበልክ ሁሉንም ነገር መቀበል አለብህ ይላል። ተራ ማጭበርበር አይምሰላችሁ፤ እንከተለው። «ዛሬ ዘንቧል» እና «ዛሬ አልዘነበም» ሁለቱንም ተቀበልን እንበል። ዘንቧል ካልን፣ «ዛሬ ዘንቧል ወይም እኔ ንጉሥ ነኝ» ማለትም እውነት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ በቂ ነውና። ግን አልዘነበም ብለናል። የቀረው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ እኔ ንጉሥ ነኝ።

ሄግላውያን ይህን ሲሰሙ «እኛ ያልነው ግጭት፣ ውጥረት ነው እንጂ የአመክንዮ ተቃርኖ አይደለም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። የአሠሪና የሠራተኛ ጥቅም ይጋጫል ማለት «ዘንቧልም አልዘነበምም» እንደማለት አይደለም። አንዳንድ የዛሬ አመክንዮ ባለሙያዎች፣ ለምሳሌ ግራሃም ፕሪስት፣ ከዚህም አልፈው አንዳንድ ተቃርኖ በእርግጥ እውነት ነው፣ ሁሉም ነገር እንዳይከተል ደግሞ የአመክንዮውን ደንብ ማሻሻል ይቻላል ይላሉ። እኔ እስካሁን አልተረታሁም።

ሳይንስ በሙከራ ይሠራል፤ ክርክር ምን ይፈይድለታል?

ሙከራው አይናገርም፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው ሰው ነው፤ ሌላው ሰው ደግሞ «እንደዚያ አይደለም» ይላል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ዋና መጽሐፉ ስድስተኛው ምዕራፍ የጻፈው ስለ ራሱ ንድፈ ሐሳብ ችግሮች ነው። ዓይን የሚያህል ውስብስብ ነገር በተፈጥሮ ምርጫ መጣ ማለት እንግዳ እንደሚመስል ራሱ ያነሳዋል፣ ከዚያ ይመልሰዋል። ተቃዋሚው ከመምጣቱ በፊት ወንበር አዘጋጅቶለታል።

ጋሊሊዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1632 ምድር ትዞራለች ወይስ ትቆማለች የሚለውን የአራት ቀን ጭውውት አድርጎ ጻፈው። ሳልቪያቲ የኮፐርኒከስን ወገን ይይዛል፣ ሳግሬዶ አስተዋይ አድማጭ ነው፣ ሲምፕሊቺዮ የአርስቶትል ተከታይ ነው። ችግሩ ሲምፕሊቺዮ እንደ ስሙ ሞኛሞኝ ሆኖ ተሣለ። የሮማውን ጳጳስ የሚመስል ሐሳብ በመጨረሻ በእሱ አፍ መነገሩ ለጋሊሊዮ በቀጣዩ ዓመት ችሎት ላይ አልበጀውም። ከፖለቲካው ውጭም ቢሆን ድክመት ነው። ተቃዋሚህን አንተው ስትጽፈው ምስክሩን አስጠንተኸው ነው የምታቀርበው። ይህ ሐሜት ፕላቶንም አይምርም። የሶቅራጥስ መላሾች «በእርግጥ ሶቅራጥስ ሆይ» ሲያበዙ እኔ አንዳንዴ ለእነሱ እናደዳለሁ።

ብቻዬን ሆኜ ማድረግ እችላለሁ?

ይቻላል፣ ግን ይከብዳል። «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ» ውስጥ ተራኪው በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ጸሎቴን የሚሰማ አለ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ይመልሳል፤ መልሱን እንደገና ይጠይቃል። ሁሉም «የእኔ ሃይማኖት ነው ትክክል» ካለ ፈራጁ ማን ነው ይላል። ጽሑፉ የእውነት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው የሚለው ክርክር ከጣሊያናዊው ሊቅ ከኮንቲ ሮሲኒ ጀምሮ አለ፤ ክሎድ ሰምነር ደግሞ ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟግተዋል። የማንም ይሁን፣ ብቻውን የሚጠያየቅ ሰው ሥዕል አለበት።

ለምን እንደሚከብድ አንድ ፈተና ያሳያል። አራት ካርዶች ተቀምጠዋል፤ በአንድ ፊታቸው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለ። የሚታዩት ኢ፣ ኬ፣ 4 እና 7 ናቸው። «አናባቢ ያለበት ካርድ ጀርባው ሙሉ ለሙሉ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ነው» የሚለውን ደንብ ለማጣራት የትኞቹን ትገለብጣላችሁ? ብዙው ሰው ኢ እና 4 ይላል። መልሱ ኢ እና 7 ነው፤ ደንቡን ሊያፈርስ የሚችለው 7 ነውና። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ለየብቻ ከሠሩት በትክክል የመለሱት 9 በመቶ ነበሩ። ተወያይተው ከሠሩት ቡድኖች ግን 75 በመቶው አገኙት። ሰው የራሱን ሐሳብ የሚያፈርሰውን ካርድ አያነሳም። የሌላውን ለማፍረስ ግን እጁ ፈጣን ነው።

በስንት ዓመት ቢጀመር ጥሩ ነው?

ፕላቶ ሠላሳ ይላል። በ«ሪፐብሊክ» ውስጥ ለተመረጡት እንኳ ከ30 ዓመት በፊት አይፈቅድም፤ ከዚያ 5 ዓመት ያስጠናቸዋል። ልጆች ክርክር ሲቀምሱ እንደ ቡችላ ያገኙትን ሁሉ እየዘነጠሉ ይጫወታሉ፣ በመጨረሻ ምንም የማያምኑ ይሆናሉ ብሎ ይፈራል። ቡችላውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን የሜኖንን ጂኦሜትሪ የሠራውም ልጅ ነበር።

ተከራካሪዬ መልስ አልሰጥም ቢለኝስ?

ይሄ በጣም ይጠየቃል፤ ንጹህ መፍትሔም የለውም። ፕላቶ ራሱ አላመለጠውም። «ጎርጊያስ» ውስጥ ከፖሉስ በኋላ ካሊክሊስ ይመጣል። የሚፈራ ሰው አይደለም። ፍትሕ የደካሞች ፈጠራ ነው፣ በተፈጥሮ ብርቱው ብዙ ሊወስድ ይገባዋል ይላል። ሶቅራጥስ በጥያቄ ሲያጣብቀው ይሰለቻል። «ሌላ ሰው ጠይቅ» ይላል። «እሺ» የሚለውም እዚያው ያለውን የንግግር መምህር ጎርጊያስን ለማስደሰትና ነገሩን ለመጨረስ ብሎ ነው።

ምስክሩ አልመሰክርም አለ። እዚያ የነበሩት «አንተው ጨርሰው» አሉት። ሶቅራጥስም ጀመረ። ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ መለሰ፣ በየመሃሉ «ስህተት ካለ አስቁመኝ» እያለ። ካሊክሊስ ቆይቶ ቢመለስም፣ የሶቅራጥስ አነጋገር ደህና ይመስላል፣ ግን እንደ ብዙው ሰው ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም አለው። ድርሰቱ የሚያልቀው ሶቅራጥስ ከሞት በኋላ ስለሚሆነው ፍርድ ረዥም ተረት ተርኮ ነው፤ ካሊክሊስ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልመለሰም።